«ጊዜያዊ» እስከ መቼ ነው?

«ቴምፖራሪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተርጓሚ የሚያስቸግር አይመስልም። አማርኛው «ጊዜያዊ» ነው፤ አለቀ። አፈጣጠራቸው እንኳ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝኛው ጊዜ የሚል ትርጉም ካለው «ቴምፑስ» ከተባለ የላቲን ቃል ወጣ። አማርኛውም ከዘመን «ዘመናዊ»፣ ከወቅት «ወቅታዊ» እንዳለው ሁሉ ከጊዜ «ጊዜያዊ»ን አበጀ። ፈተና ላይ ቢመጣ ማንም የሚስተው ጥያቄ አይደለም።

ጣጣው ያለው ዜና ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ነገር ያለው ቃል አንድ ብቻ አይደለም። «ኢንተሪም» አለ፣ «ፕሮቪዥናል» አለ፣ «ቴንታቲቭ» አለ። እነዚህ ሁሉ አማርኛ ዜና ላይ ሲደርሱ አንድ ካባ ለብሰው ይመጣሉ። ጊዜያዊ አስተዳደር፣ ጊዜያዊ የምርጫ ውጤት፣ ጊዜያዊ አሰልጣኝ፣ ጊዜያዊ ከለላ፣ ጊዜያዊ መጠለያ፣ ጊዜያዊ መርሐ ግብር። አንባቢው ደግሞ ቃሉን የሚያውቀው ከዜና በፊት ነው። ሰባኪ «ይህ ዓለም ጊዜያዊ ነው» ሲል ሰምቶ፣ ከ«ኃላፊ ጠፊ» ጋር አያይዞ ነው ያደገው። ስለዚህ «ጊዜያዊ» የሚል ነገር ሲያነብ ነገ የሚያልፍ፣ ብዙም የማያስጨንቅ ነገር አድርጎ ይወስደዋል። (አማርኛ አለቃንም «ኃላፊ» ብሎ መጥራቱ ሌላ ጉድ ነው። ሹሙ ሁሉ አላፊ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ ሰሚ ግን የለም።)

የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት የቆይታ ርዝመት አይለያያቸውም። እያንዳንዳቸው አንባቢ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ነው የሚለውጡት። «ቴምፖራሪ» እስከ መቼ የሚለውን ያስጠይቃል። «ኢንተሪም» ላቲኑ «በመካከል» ማለት ስለሆነ፣ በምንና በምን መካከል የሚለውን ያስጠይቃል። «ፕሮቪዥናል» ደግሞ ከቀን ይልቅ ቅድመ ሁኔታን ይመለከታል፤ ምን እስኪሟላ፣ ማን እስኪያጸድቀው ይላል። አማርኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ሲጠቀልል አንባቢ የትኛውን ጥያቄ ይዞ እንደሚነሣ አያውቅም። ጥያቄ በሌለበት ደግሞ መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን የለም።

የዚህን ዋጋ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሥልጣን የያዘው አካል ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብሎ ሰየመ። በእንግሊዝኛው ስሙ ላይ የገባው ቃል «ቴምፖራሪ» ሳይሆን «ፕሮቪዥናል» ነበር። ይህ ቃል የመጣው አስቀድሞ ማየት፣ አስቦ ማሰናዳት ከሚል ግሥ ነው፤ ስንቅ የሚባለው «ፕሮቪዥን»ም ከዚያው ግሥ የወጣ ነው። ስንቅ መንገደኛውን እስኪደርስ ያቆየዋል እንጂ የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። እንግዲህ ስሙ በእንግሊዝኛ ሲነበብ የሚያስጠይቀው «ዋናው መንግሥት የቱ ነው? የሚያቋቁመውስ ማን ነው?» የሚል ነበር። በአማርኛው ግን «ጊዜያዊ» ተባለና ሰዉ የጊዜውን ማለፍ ይጠብቅ ጀመር።

አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። ዋናው መጣ የተባለው በ1979 ዓ.ም መጨረሻ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ነው። ያኔም ሊቀ መንበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ስንቁ ራሱ ባለቤት ሆኖ ቁጭ አለ።

ከዕድሜው ይልቅ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ያ «ጊዜያዊ» አካል ሥልጣን በያዘ በስድስተኛው ወር፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ደርግ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መሬት ግን ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግል አይደለም። አዋጁ ደግ ነበር ወይስ ክፉ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ባለርስቱና ጭሰኛው ያኔም አንድ ዓይነት መልስ አልነበራቸውም። እዚህ ላይ የሚያሻው ነጥብ አንድ ነው። «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽል የተቀመጠው ከአስተዳደሩ አጠገብ እንጂ ከሥራው አጠገብ አልነበረም። ወንበሩ ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚፈረመው ወረቀት ግን ጊዜያዊ ነው ያለ የለም። ዛሬም ስለ አንድ ጊዜያዊ አስተዳደር ሲዘገብ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ መሬት መምራት ይችላል ወይ? ዕዳ መግባት ይችላል ወይ? ዳኛ መሾም ይችላል ወይ?

የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደርም የዚሁ ቃል ባለቤት ነው። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ «ኢንተሪም» ይለዋል። መጋቢት 2015 ዓ.ም ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ተቋቋመ፤ በ2017 ዓ.ም የሥራ ዘመኑ በአንድ ዓመት ተራዘመ። ስለ ዕድሜው የተጻፈው ዜና ተቆጥሮ አያልቅም፤ ማን ከማን ጋር ተጣላ የሚለውም እንዲሁ። በጦርነቱና በምርጫው መካከል ያለ ድልድይ ከሆነ ግን ወዲያኛው ጫፍ የት ደረሰ የሚለው ነበር መነሻው። ምርጫ የሚደረገው መቼ ነው? ተፈናቃዩ ወደ ቤቱ ሳይመለስ የሚመርጠው የት ሆኖ ነው? «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ይህን አያስጠይቅም። «የመሸጋገሪያ» ቢባል ኖሮ ቢያንስ «ወዴት?» የሚል ይነሣ ነበር። በ1983 ዓ.ም የመጣው መንግሥት «የሽግግር» በመባሉ፣ ሌላ ሌላው ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው አላጣም። በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ጸድቆና ምርጫ ተደርጎ ያ ስም ቀረ።

«ኢንተሪም»ን በደንብ ለማየት ወደ ሊባኖስ መሻገር ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 1978 ላይ ወደ ደቡብ ሊባኖስ ሰላም አስከባሪ ሲልክ ስሙን «ኢንተሪም ኃይል» አለው፤ ዩኒፊል የሚባለው ነው። መካከሉ ግልጽ ነበር። በአንድ ወገን የእስራኤል ጦር መውጣት፣ በሌላ ወገን የሊባኖስ መንግሥት ሥልጣኑን በአካባቢው መልሶ መትከል። ያ መካከል ግን እየሰፋ ሄደ። በ2025 ነሐሴ ምክር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2026 አራዝሞ ከዚያ በኋላ ኃይሉ ጠቅልሎ እንዲወጣ ወሰነ። አርባ ስምንት ዓመት በመካከል መኖር ማለት ነው። ያኔ የተወለደ ሊባኖሳዊ ዛሬ የልጅ ልጅ ሊያይ የደረሰ ጎልማሳ ነው።

የኢትዮጵያ ልጆችም እንዲህ ያለ መካከል ውስጥ ኖረዋል። ሰኔ 2003 ዓ.ም በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ላለችው አብዬ የተመደበው ኃይል ዩኒስፋ ሲባል ስሙ ውስጥ ያው «ኢንተሪም» አለ። ከመነሻው ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ወታደሮቹ ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ኃይሉ የሚቆየው የአብዬ የመጨረሻ ባለቤትነት እስኪወሰን ነው፤ ሁለቱ አገሮች ግን እስከ ዛሬ አልወሰኑትም። የኢትዮጵያ ጦር በሌሎች አገሮች ወታደሮች ተተክቶ ሲመለስ ጊዜያዊው ኃይል ስሙን ይዞ እዚያው ቀረ።

ኳስ ወዳጆች ደግሞ ይህን ሁሉ ያለ መዝገበ ቃላት ተምረውታል። ቼልሲ በ2012 መጋቢት ላይ አሰልጣኙን አሰናብቶ ሮቤርቶ ዲ ማቴዮን በጊዜያዊነት አስቀመጠ። ሰውዬው በሦስት ወር ውስጥ የኤፍ ኤ ካፕንና የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ሰኔ ላይ «ቋሚ» ሆነና የሁለት ዓመት ውል ፈረመ፤ ኅዳር ላይ ተባረረ። ቋሚነቱ አምስት ወር ብቻ ቆየ ማለት ነው። በምትኩ የመጣው ራፋኤል ቤኒቴዝ ከማዕረጉ ፊት የተለጠፈችው «ኢንተሪም» የምትባል ቃል አንገብግባው በአደባባይ ክለቡን ወቀሰ። ሞኝ አልነበረም። ተጫዋችና ደጋፊ «ይሄ ሰው ሄያጅ ነው» ብሎ ከወሰነ ሥልጣኑ ከመልበሻ ክፍል በር አያልፍም። ለዚያ ቃሉ በቂ ነው። ደርግ ዘንድ ቃሉ ሥልጣንን ሸሸገ፤ ቤኒቴዝ ዘንድ ሥልጣንን ነጠቀ። አማርኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ «ባለጊዜ» የሚለው ባለሥልጣንን ነው፤ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለውም አባባል ከዚሁ ነው። ጊዜና ሥልጣን በዚህ ቋንቋ ውስጥ ተነጣጥለው አያውቁም፤ «ጊዜያዊ» ላይ ሲደርስ ነው የሚረሳው።

የ«ጊዜያዊ» ተቃራኒ ነው የሚባለው «ላልተወሰነ ጊዜ» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። መጋቢት 15 ቀን 2014 የፌዴራሉ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ላይ ለሰብአዊ ርዳታ ሲባል ላልተወሰነ ጊዜ ግጭት ማቆሙን አስታወቀ። ብዙ ሰው «ላልተወሰነ» የሚለውን «ለዘለቄታው» ብሎ ተረዳውና እፎይ አለ። ቃሉ ግን ቀን አልተቆረጠለትም ነው የሚለው፤ ነገ ጠዋትም ሊያልቅ ይችላል። ነሐሴ 18 ቀን ጦርነቱ እንደገና ጀመረ። ልክ አምስት ወር። ስለዚህ ላልተወሰነ ጊዜ የተባለው አምስት ወር ሲቆይ ጊዜያዊ የተባለው አርባ ስምንት ዓመት ቆየ ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ለዚህ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ቴምፖ»። ሲመረቁ የሚሰጣቸው ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ስሙ «ቴምፖራሪ» ቢሆንም አሠራሩ ግን ጥርት ያለ «ፕሮቪዥናል» ነው። ወረቀቱን ቀን አይሽረውም፤ የሚሽረው ክፍያ ነው። በወጪ መጋራት የተማረ ተመራቂ ዕዳውን ሲጨርስ ዋናው ዲግሪ ይሰጠዋል፤ እስከዚያ ድረስ በቴምፖ ሥራ ያመለክታል፣ በቴምፖ ይቀጠራል። ሥራ ያላገኘ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍልበት የለውም፤ ስለዚህ ቴምፖው ፕላስቲክ ተለብጦ ይቀመጣል። ይህ ልጅ «ጊዜያዊ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም የቋንቋ ምሁር በላይ ያውቃል። የ1997ቱን ምርጫ የሚያስታውስ ሰውም ያውቃል። ግንቦት ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ ጊዜያዊ ውጤት እየተባለ ተነገረ፤ የመጨረሻው ውጤት እስኪገለጽ ወራት መጠበቅ ነበረበት። ያ ውጤት «ጊዜያዊ» ሳይሆን «ያልጸደቀ» ነበር። በሁለቱ መካከል፣ ሰኔ ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደም ፈሰሰ።

አሁን ነገሩ በጣም ወደሚያቆስልበት ቦታ፣ ወደ አሜሪካ።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ጦርነት ወይም የተፈጥሮ አደጋ በገጠማቸው አገሮች ዜጎች ላይ የማስወጣት እርምጃ እንዳይወሰድ፣ የሥራ ፈቃድም እንዲያገኙ የሚያስችል ከለላ አቋቋመ። ቲፒኤስ የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል የምትወክለው «ቴምፖራሪ»ን ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ነው፤ ሲያልቅ ይታደሳል ወይ ይቋረጣል። ለሶማሊያውያን በ1991 ተሰጥቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘለቀ። ለኤል ሳልቫዶር ሰዎች ከ2001ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ተሰጥቶ ሃያ ዓመት ተሻገረ። ኢትዮጵያውያን የገቡበት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በ2022 ታኅሣሥ ነው፤ መጀመሪያ አሥራ ስምንት ወር፣ ቀጥሎ ሌላ አሥራ ስምንት ወር። በ2025 ታኅሣሥ ላይ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማራዘሙን ትቶ እንዲቋረጥ መወሰኑን አስታወቀ።

በዚህ ሕግ ውስጥ ቃሉ ማታለያ አልነበረም። ጊዜያዊ ብሎ ጊዜያዊ ነው ያደረገው። የወደቀው በሰው ኑሮና በቃሉ መካከል ያለው ዝምድና ነው። አሥራ ስምንት ወር ለቢሮ አጭር ነው፤ ለሰው ግን ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ፣ መኪና በብድር ገዝቶ፣ ለእናቱ በየወሩ ብር የሚልክበት ኑሮ ነው። ሲታደስ ደግሞ ሰው ከቃሉ ይልቅ ልማዱን ያምናል። «አንዴ ታድሷል፣ ሳልቫዶሮቹም ሃያ ዓመት ኖረውበታል» ይባላል። ልማዱ ግን የማንም መብት አልነበረም።

ሌላም በአማርኛው ትርጉም የጠፋ ነገር አለ። ይህ ከለላ በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አያደርስም። የሽግግር ወረቀት አይደለም፤ ጫፉ ላይ በር የለውም። ከለላ የተሰጣቸውን ሰዎች ዜና በአማርኛ የሚያነብ ሰው ግን «ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጣቸው» ሲባል ቀጥሎ ቋሚው የሚመጣ ይመስለዋል፤ ቴምፖ ቀድሞ ዲግሪ እንደሚከተል ማለት ነው። ጥገኝነት የመጠየቂያ ጊዜውን «ይኸው ወረቀት አለኝ» ብሎ ያሳለፈ ሰው ቢኖር ጥፋቱ የራሱ ብቻ አይደለም። (ቋሚ የተባለው ግሪን ካርድም ካርዱ ላይ በአሥር ዓመት የሚያልቅ ቀን ታትሞበታል። መብቱ ቋሚ፣ ፕላስቲኩ ጊዜያዊ። የእንግሊዝ የገቢ ግብር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በ1799 ለጦርነት ወጪ ተብሎ ተጣለ፤ ተነሣ፣ ተመለሰ፤ በ1842 ለሦስት ዓመት ብቻ ተብሎ እንደገና መጣ። እስከ ዛሬም በሕግ የአንድ ዓመት ግብር ነው፤ ፓርላማው በየዓመቱ እያደሰ ይኸው ይከፈላል።)

ሕግ አርቃቂዎች የቃሉን አመል ስለሚያውቁ ቁጥር ያስሩበታል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ብሎ ይነሣና ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ቋሚ ሠራተኛ በድንገት ለቆ በምትኩ በጊዜያዊነት የሚቀጠር ሰው ውሉ ከ45 ተከታታይ ቀናት አይበልጥም፤ የሚደረገውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ» የምትለዋ ሐረግ ናት ወርቋ። ሕገ መንግሥቱ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲደነግግ ይህቺ ሐረግ የለችውም። ስድስት ወር ይላል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላልም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን አይናገርም። በ2009 ዓ.ም መስከረም የታወጀው በዚህ መንገድ አሥር ወር ቆይቷል።

አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። «ያልጸደቀ ውጤት» ይባላል። «ተጠባባቂ» አለ፤ ሰው ወንበር ሲጠብቅ የሚባለው ነው። «የመሸጋገሪያ» አለ። «እስከ ሰኔ 30 የሚቆይ» ማለትም ይቻላል፤ ቅጽል ባይሆንም ከማንኛውም ቅጽል ይሻላል። የዜና ርእስ ይረዝማል የሚል አዘጋጅ ይኖራል፤ እውነቱን ነው፤ ይረዝማል። ርእሱ ላይ ባይገባ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ። ነገሩ መቼ ያልቃል፣ ስንተኛ ጊዜው ነው የታደሰው፣ ሲያልቅ ምን ይተካዋል፤ ሦስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። የማብቂያ ቀን ከሌለውም «የማብቂያ ቀን አልተነገረም» ይባል። በየክልሉ «ጊዜያዊ መጠለያ» በሚባሉት ትምህርት ቤቶችና መጋዘኖች ውስጥ ላሉ ተፈናቃዮች ዜና ሲጻፍ ከዚህ ቢጀመር፣ ስንተኛ ክረምታቸው እንደሆነ መጠየቅ የግድ ይሆናል።